የአያታችንን ዕቃዎች ለሐረሩ ሸሪፍ ሙዚየም እንስጥ ወይስ ቤተሰብ ይያዛቸው?

የድሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አያታችን አርፈዋል፤ ጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ያለው ቤታቸው ሊከራይ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውና ሣጥን ውስጥ ያለው ሁሉ መነሳት አለበት። በአለላ የተሰፉ ትልልቅ ስፌቶች፣ የብር የአንገት ጌጥ፣ ጠገራ ብሮች፣ ጥራዙ የተፈታ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ካሴት። ቶሮንቶ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ጽሑፉን ይዤ ልሂድ ይላል። አክስቴ ሁሉንም ለሙዚየም እንስጥ ትላለች። ሙዚየሙን አይቼዋለሁ፤ ሰይፍ፣ ቁርአን፣ ሳንቲም፣ የሴቶች ቀሚስና የቤት ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያሉት። አያቴ የሰፉት እዚያ ገብቶ ባለቤቱ የማይታወቅ አንድ ተጨማሪ ስፌት እንዳይሆን እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እማ ወስፌ፦
ልጄ፣ አያትሽን አላህ ይማራቸው። እኔ እዚያው ጁገል ተወልጄ ስፌት ስሰፋ ያረጀሁ ነኝ። ዕቃው መደባለቁን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። የአያትሽ ጊድር ጋር፣ ዋናው የእንግዳ ክፍል ማለቴ ነው፣ እንዴት ነበር? ነደባው፣ ከፍ ያለው መቀመጫ፣ ላይ ቁርአን ይቀራል፣ ከበላዩ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፣ የግድግዳው መስኮት መሳይ መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ይቀመጣል። ሐረርን በየዓይነቱ ለያይቶ የሚያስቀምጥ ሙዚየም ለእኔ ሐረርን አላሳየኝም። የሙዚየሙ መሥራች አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍም ሥራውን የጀመሩት የሐረሪ ዘፈን ካሴት በመሰብሰብ ነው፤ ከዚያ ወደ መጻሕፍቱና ወደ ዕቃው አለፉ፤ በመኖሪያ ቤታቸው የከፈቱት ሙዚየም ነው ኋላ ዛሬ ወዳለበት ወደ ራስ ተፈሪ ቤት የተዛወረው። ስለዚህ ካርቶኑን እንዳትጥሉት!

ፍርሃትሽ ግን ትክክል ነው፤ መድኃኒቱም በእጃችሁ ነው። ስፌቶቹ ከግድግዳ ከመውረዳቸው በፊት እንደተሰቀሉ ፎቶ አንሺ፤ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚውል እዚያ ይታወቃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት ጻፊ፦ ማን ሰፋው፣ ለማን ሠርግ፣ በየትኛው ሰፈር። ገልብጠሽም እዪው፤ ፊቱ በጭስና በፀሐይ ቢደበዝዝም የአለላው ቀለም ከጀርባው አለ። አክስትሽን አሁኑኑ ጠይቂያት። የማን እጅ እንደሆነ ስፌቱን ዳስሰን የምናውቅ ሴቶች እያነስን ነው።

ጥራዝ፦
ስለ ጽሑፉ ብቻ ልናገር፤ ሥራዬ የብራናና የወረቀት ጥገና ነው። እባክሽ ፕላስተር አትለጥፉበት፣ በፕላስቲክ አታስለብጡት፣ ገጹ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር አትጻፉ። ቅጠሎቹ ከተዘበራረቁ ከገጹ ግርጌ ጥግ ላይ ብቻዋን የተጻፈች ቃል ፈልጉ። የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት፤ በእርሷ እየተመራ ዐረብኛ ማንበብ የሚችል ሰው ቅደም ተከተሉን ይመልሰዋል። የቆዳው ሽፋን ቢገነጠልም አብሮ ይቀመጥ፤ ከጎኑ የሚታጠፍ ምላስ ካለው እርሱም የጥራዙ አካል ነው። ሽፋኑ ላይ የታተመው ጌጥ የሐረር ጠራዦችን አሠራር ለሚያጠና ሰው ከጽሑፉ የማያንስ ዋጋ አለው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት።

ሕግ አዋቂ፦
ቶሮንቶ ላለው ወንድማችን፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ቤተሰብ በእጁ መያዝ ይችላል፤ የመጠበቅም ግዴታ አለበት። ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ለሙዚየም ስትሰጡም የዕቃው ዝርዝር ያለበት የርክክብ ሰነድ ፈርሙ፤ ስጦታ ይሁን በአደራ የተሰጠ በግልጽ ይጻፍበት። በአደራ መስጠት ለእናንተ የተሻለ ይመስለኛል፤ የቤተሰቡ ስም ከዕቃው ጋር ይቆያል።

ጠገራ ብሮቹን ቤተሰቡ ቢያስቀር ብዙ አይጎዳም። አብዛኞቹ ላይ 1780 የሚል ታገኛላችሁ፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችም በኋላ በዚያው ዓመት ቁጥር መመታቱ ስለቀጠለ ዕድሜውን አይነግርም። ከመካከላቸው ዐረብኛ የተጻፈበት ትንሽ ስስ ሳንቲም ካለ ግን ለብቻው አውጡት። የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሊሆን ይችላል። አሚር አብዱላሂ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከመሸነፋቸው በፊት ከተማዋ የራሷ ገንዘብ ነበራት።

የድሬዋ፦
አላህ ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። እማ ወስፌ፣ ፎቶውን አክስቴ አጠገቤ ቆማ አነሳነው፤ ትልቁ ስፌት ለእርሷ ሠርግ የተሰፋ መሆኑን ያኔ ነገረችኝ፤ እኔ አላውቅም ነበር። ስፌቶቹንና ጽሑፉን በአደራ ለመስጠት ተስማምተናል፤ የአንገት ጌጡ ከአክስቴ ጋር ይቆያል። የቀረን ካሴቱ ነው። አብዛኞቹ ላይ ስም አልተጻፈም፤ አክስቴ ድምፃቸውን ሰምታ ዘፋኞቹን መለየት እችላለሁ ትላለች። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ውስጥ ሪቦን ሳይቆርጥ የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ሰው ታውቃላችሁ?