ክርክር፦ በግልገል ዓባይና በጮቄ ወንዞች የዝንብ መንጠቆ ማስገር ይጀመር ወይስ ይቅር?

የክርክሩ መነሻ፦ ከላባና ከክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ በመንጠቆ ላይ አስሮ ዓሣ ማጥመድ፣ የተያዘውንም መልሶ ወደ ውኃው መልቀቅ፣ ደኅና ገንዘብ የሚከፍሉ ጎብኚዎችን የሚስብ መዝናኛ ነው። በጎጃም ወንዞች ቢጀመር ለአካባቢው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ከደብረ ማርቆስ፦ ይጠቅማል ባይ ነኝ። በባሌ እንደ ዌብና ሻያ ባሉ ወንዞች ትራውት የተባለ ከውጭ የመጣ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከተለቀቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ እርሱን ፈልገው የሚመጡ እንግዶችም አሉ። የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች ከጮቄ ተራራ ስለሚነሡ ውኃቸው ቀዝቃዛ ነው። ወደ ዓባይ የሚገቡትም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በመሆኑ፣ የሚለቀቀው ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ጣና ይደርሳል ተብሎ አይሠጋም። ገበሬው ከጠራ ወንዝ ገቢ ካገኘ አፈሩ ታጥቦ ወንዙን የሚያደፈርሰውን ዳገት ማረስ ይተዋል።

ከባሕር ዳር፦ ስለ ፏፏቴው ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ግልገል ዓባይንም ይጨምራል፣ እርሱ ደግሞ ከሰከላ ተነሥቶ በቀጥታ ጣና ይገባል። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው የጣና ዓሣ ቢያንስ 15 ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ተመሳሳይ ስብስብ የነበረው የፊሊፒንሱ ላናው ሐይቅ ባዕድ ዓሦች ከገቡበት በኋላ ምን እንደደረሰበት ማየት ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ከዝርያዎቹ 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ ትራውት በግልገል ዓባይ ላይ ለውይይት እንኳ መቅረብ የለበትም። በጮቄም ቢሆን ትራውት ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ የሚጨነቅ ዓሣ ነው። አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ወደ ላይ መሸሽ ይኖርበታል፤ ተራራ ደግሞ ጫፍ አለው።

ከመራዊ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ፍትሑ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ ውስጥ በጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ በዚያ ወቅት የወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትም ሆነ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ መበተን ዘሩን ከሥሩ ማጥፋት ነው፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን መረቡን ሰብስብ የተባለ ወጣት፣ እንግዳው እዚያው ቆሞ በመንጠቆ ሲዝናና ካየ ክልከላውን ለምን ያከብራል?

ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዞቹ አፍ ለማንም ዝግ መሆን አለበት። «መልሼ እለቅቀዋለሁ» የሚለውም ምክንያት እንቁላል የተሸከመን ዓሣ አያድንም፤ ረጅም ጊዜ ታግሎ የደከመ ዓሣ፣ በተለይ ኦክስጅን በሚያንሰው ሞቃት ውኃ ውስጥ፣ ዋኝቶ ቢሄድም ኋላ ሊሞት ይችላል። እኔ የምለው እንግዶቹን ከወንዙ ወደ ሐይቁ እናውጣቸው ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ስለሆኑ ትንሽ ዓሣ የሚመስል መንጠቆ ያሳድዳሉ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰ እሾህ በሌለው መንጠቆ፣ የአካባቢው ሰው በሚቀዝፈው ጀልባ ላይ ሆነው ቢሞክሩት ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ከመራዊ፦ ክፍያው በቀጥታ ቀዛፊው እጅ የሚገባ ከሆነ እስማማለሁ። አስጎብኚ ድርጅት ወስዶ ፍርፋሪውን የሚያካፍል ከሆነ ግን ባይጀመር ይሻላል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ግልገል ዓባይን ትቼዋለሁ። የጮቄን ግን አልተውም፤ ትራውቱ ቢቀር እንኳ፣ በጨሞጋ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለው ዓሣ ምን እንደሆነ በባለሙያ ይጠና፣ ለመዝናኛ የሚሆን ካለም በእርሱ እንጀምር። እንግዲህ ይህንን የሚቃወም ካለ ይናገር።