አስቸኳይ! ያወረድኳቸው ፖድካስቶች ጠፉብኝ፣ ጸጉር ቤቱ ደግሞ ሙሉ ሰው ነው

ሹሩባ ኮዬ (ጠያቂዋ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ያወረድኳቸው ፖድካስቶች ጠፉ። ስማቸው ይታያል። ስነካቸው ግን አይከፍቱም፣ እንደገና አውርጂ የሚል ቀስት ይመጣል። ከሌሊት ጀምሮ መብራት የለም። ቲቪ የለም፣ ካስክ የለም፣ ያለኝ ጣቴና ስፒከሬ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ሰርግ ነው። ሚዜዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የሙሽራዋ እናት «ያቺ ባሏን በስልክ የያዘችው ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኮ ክፍል ሁለቱ ነው የጠፋው! ታናሽ ወንድሜ ማታ ስልኬን ወስዶ ጌም ሲጫወት ነበር። ቫይረስ አስገብቶብኝ ነው አይደል?

የጀሞ ልጅ፦
ስልኩን አጥፍተሽ አብሪው።

ዘናጩ፦
እህቴ፣ ጸጉር ቤት ተቀምጠሽ ፖድካስት ፍለጋ? ስፒከሩን ዝጊና ሚዜዎቹን አስወሪያቸው። ከዛ የሚበልጥ ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

ሰንዳፋ ማዶ፦
ቆይ፣ በምንድነው የምትሰሚው? ዩቲዩብ ነው? ቴሌግራም ነው? ስልክሽ ምንድነው? መቼ ነው ያወረድሽው? «ጠፋብኝ» ብቻ ብለሽን ምኑን እንወቅልሽ?

አባ ፍጥነት፦
ካሽ፣ ማለትም አፖች ለጊዜው የሚያስቀምጡት ፋይል፣ ሞልቶብሽ ነው። ሴቲንግስ ግቢና ክሊር ካሽ በይው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ስልኬ ይበራል።

ሰንዳፋ ማዶ፦
ኧረ እንዳትነኪው! በቴሌግራም ከሆነ የተረፈውንም ጠራርጎ ያጠፋብሻል።

አባ ፍጥነት፦
ለኔ ግን ሠርቷል።

ሹሩባ ኮዬ፦
ቴሌግራም ነዋ፣ ሌላ በምን ይሰማል? ስልኬ ሳምሰንግ ነው። ለፋሲካ ገርጂ እህቴ ጋ ስሄድ በዋይፋይ አጭቄ ያወረድኩት ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ብዬ። የገረመኝ ግን፣ በዚህ ሳምንት የከፈትኳቸው አሁንም ይጫወታሉ። ያልሰማናቸው ናቸው የጠፉት። ቫይረስ መርጦ ያጠፋል እንዴ?

መምህር ነኝ፦
እህታችን፣ ስልክሽ ምንም አልሆነም። ስህተቱ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈን ድምፅ ፖድካስት ማለትሽ ነው። ነገሩ በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲጀመር አሠራሩ ግልጽ ነበር። አዘጋጁ ድምፁን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። አርኤስኤስ የሚባል ዝርዝር አብሮ ያወጣል። የአድማጩ አፕ ያንን ዝርዝር እየተከታተለ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ራሱ ያወርዳል። በመሃል ደላላ የለም። አፕል በ2005 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ አይቱንስ ውስጥ ካስገባው በኋላ ሰፊው ሕዝብ አወቀው። ጉግልም የራሱ የፖድካስት አፕ ነበረው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። አፑ ቢዘጋም ግን ዝርዝሩ የአዘጋጁ ስለሆነ አድማጩ ወደ ሌላ አፕ ይሄዳል። ቻናል ሲዘጋ ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንቴናፖድ የሚባል አፕ ጫኚ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። በዋይፋይ ብቻ አውርድ ብለሽ ታዢዋለሽ። በነገራችን ላይ የአርኤስኤስ ታሪክ ራሱ

የጀሞ ልጅ፦
ስልኩን አጥፍታ ታብራው ብያለሁ እኮ።

ዘናጩ፦
መምህር፣ ሙሽራዋ ወልዳ ትጠብቅሃለች።

ሹሩባ ኮዬ፦
መምህር አመሰግናለሁ፣ ግን ግማሽ ጭንቅላት ሠርቼ እጄ ቅባት በቅባት ነው። ደግሞ እኛ የምንሰማቸው ልጆች እዛ ዓይነት አፕ ላይ የሉም፣ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። ዩቲዩብ ላይ በቪዲዮ ነው የሚለቁት። ሰው ድምፁን ብቻ አውጥቶ ቴሌግራም ላይ ይጭነዋል። እኛም ከዛ እናወርዳለን።

ባለ ማይኩ፦
እሱ ላይ ነው እኔ የምናደደው። እኔና ጓደኛዬ ትንሽ ፖድካስት አለችን። ማይኩን ተበድረን፣ የጎረቤት ዶሮ እስኪተኛ ጠብቀን፣ ሌሊት ነው የምንቀዳው። ከዛ አንዱ ድምፁን ቆርጦ ቻናሉ ላይ ይለጥፈዋል፣ የራሱን ማስታወቂያ ጭምር ያስገባበታል። ታክሲ ውስጥ ሰው «ድምፅህን አውቀዋለሁ» ይለኛል። ደስ ይላል። ስፖንሰር ፍለጋ ስንሄድ ግን የሚጠየቀው ዩቲዩብ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቴሌግራም ላይ የሰማው ሰው እኛ ጋ አይቆጠርም። እና እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር መጀመሪያም ያንቺ አልነበረም።

ሹሩባ ኮዬ፦
ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ በዳታ ክፈቺ ነው የምትለኝ? ከሆነ ጥቅሉን አንተ ግዛልኝ። ድምፁን ራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ብትለቁት ማን ይሰርቃችኋል?

ቱሉ ዲምቱ፦
እዚህ ላይ እሷ ልክ ናት። ባለ ማይኩ፣ ሒሳቡን እየው። በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የድምፅ ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ወሬ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ128 ኪሎቢት ቢሆን እንኳ 58 አይሞላም። ለወሬ ደግሞ 64 ይበቃል፣ ኦርኬስትራ አይደለም። ቪዲዮው ግን ዝቅ ባለ ጥራትም ቢሆን የዚህን ብዙ እጥፍ ይበላል። እኔ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው። ሰልፉ ላይ አንድ ክፍል፣ መንገድ ላይ ሌላ ክፍል ይሄድልኛል። በቪዲዮ ልስማ ብል ደሞዜ በ*999# ያልቃል። ራሳችሁ የድምፅ ቻናል ክፈቱ፣ መሃሉ ላይ «ዩቲዩብ ገብታችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ» በሉ፣ እናደርጋለን።

ባለ ማይኩ፦
ብለን ነበር። ቆርጦ የሚለጥፈው ልጅ እሷንም ቆረጣት።

ጋሽ ትራንዚስተር፦
ልጆቼ፣ ይሄን ሁሉ ዛሬ የተፈጠረ አታስመስሉት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ መቼ ማውረድ ነበረ? ካመለጠህ አመለጠህ፣ ጎረቤት ሄደህ «ጉዱ ካሳ ዛሬ ምን አለ?» ትላለህ። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ በዛብህንም ሰብለ ወንጌልንም ፊታውራሪ መሸሻንም በየድምፃቸው ሲያመጣቸው ነበር። መዓዛ ብሩም በሸገር 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ላይ እንዴት ሰው እንደምታስወራ ስሙ። ትጠይቃለች፣ ከዛ ዝም ትላለች። የዛሬዎቹ እንግዳው አፉን ሳይከፍት ራሳቸው መልሰው ራሳቸው ይስቃሉ። ለጠያቂዋ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ስልክሽ ኤፍ ኤም ካለው የጆሮ ማዳመጫ ሰክተሽ ክፈቺው። ገመዱ እንደ አንቴና ይሆናል። ከዛ ድምፁን ወደ ስልኩ ስፒከር አዙሪው። ዳታ አይፈጅም፣ አይጠፋም።

ሹሩባ ኮዬ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ወጋየሁንም እኮ በቴሌግራም ነበር የያዝኩት። እሱም ጠፍቷል!

የአያት ልጅ፦
ጋሼ በአክብሮት ልቃወምዎት። የአሁኖቹ የሚስቁት ጓደኛሞች ስለሆኑ ነው። ሰው የሚሰማቸውም ለዛ ነው። እኔ ጀርባዬን አልጋ ላይ አድርጌ ሁለት ሴቶች ስለ አማታቸው ሲያሙ መስማት የምፈልግበት ሰዓት አለ። ሁልጊዜ የታላቅ ሰው ታሪክ አልችልም።

ጋሽ ትራንዚስተር፦
አማት ማማት በነፃ ነበር።

ሰንዳፋ ማዶ፦
ተመለስኩ፣ ታክሲ ላይ ነበርኩ። ሹሩባ ኮዬ፣ ያ «ያልሰማናቸው ናቸው የጠፉት» ያልሽው ነገሩን ፈታው። ቫይረስ አይደለም። ወንድምሽንም ይቅርታ ጠይቂው።

ቴሌግራም ያወረድሽውን ካሽ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ቦታ እንዳይሞላ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ያልተነካን ፋይል ራሱ ያጠፋል። ማንም ካልቀየረው በቀር ቻናል ላይ ያለው ገደብ አንድ ሳምንት ነው። አንቺ በፋሲካ አወረድሽ፣ ሳምንት አለፈ። የከፈትሻቸው ተረፉ፣ ያልተከፈቱት ሄዱ። ስማቸው የሚታየው ቻናሉ ላይ ስላሉ ነው፣ ስልክሽ ላይ ግን የሉም። ስለዚህ ማጥፋትና ማብራት አይመልሳቸውም (ጀሞ፣ ይቅርታ)። እንደገና ማውረድ ግድ ነው።

አሁን ለሰርጉ ይሄን አድርጊ። ክፍል ሁለቷን ብቻ አውርጂ፣ ሁሉንም አትንኪ። ከስሟ ሥር መጠኗ ተጽፏል፣ እሱን እይና ጥቅል ግዢ። ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብተሽ በሞባይል ዳታ ራሱ የሚያወርደውን አጥፊው። አለበለዚያ የየግሩፑ ቪዲዮ ጥቅልሽን ይበላዋል።

እፎይ ስትዪ ደግሞ እዛው ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ስቶሬጅ ዩሴጅ የሚል አለ። ወደ ታች ውረጂ። ለግል፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ የጊዜ ገደብ ታያለሽ። የቻናሉን ኔቨር (በጭራሽ አታጥፋ) አድርጊው። ከሥሩ የካሹ ትልቁ መጠን አለ፣ እሱንም አታሳንሺው፣ ሲሞላ የቆየውን ማጥፋት ይጀምራል። በጣም የምትፈልጊውን ግን ለቴሌግራም አትተዪለት። ፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪና ሴቭ ቱ ሚዩዚክ በይ። ስልክሽ ሙዚቃ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ቴሌግራም አይደርስበትም።

ቱሉ ዲምቱ፦
ልጨምር። ሁሉንም ቻናል ኔቨር ካልሽው ስልኩ በሁለት ወር ይጨናነቃል። እዛው ገደቡ ውስጥ የምትፈልጊውን ቻናል ለብቻ መርጦ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ሁለቱን ፖድካስቶቼን ብቻ ነው ኔቨር ያልኳቸው። የዜናውና የቀልዱ ቻናል በሳምንቱ ይጥፋ።

የኮዬ ጎረቤት፦
የትኛዋ ናት? ያቺ ባሏን በስልክ የያዘችው ክፍል ሁለት? እኔ ጋ አለች እኮ! ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ነኝ። ኩዊክ ሼር ክፈቺና ልምጣ፣ ዳታ አያስፈልግም፣ ስልክ ለስልክ ነው። ሳምሰንግ ነው የኔም።

ሹሩባ ኮዬ፦
ነይልኝ የኔ እናት!! አረንጓዴ መጋረጃ ያለበት፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ። ሰንዳፋ፣ ገብቼ አየሁት፣ እውነትም አንድ ሳምንት ይላል። ሌላውን ማታ አነበዋለሁ፣ ሴትየዋ ልጁ

ዘናጩ፦
«ልጁ» ምን? ጨርሺው እንጂ።

የአያት ልጅ፦
የጀመረችውን አረፍተ ነገር ሚዜዎቹ በሏት።

መምህር ነኝ፦
መፍትሔው ጊዜያዊ ነው። ኔቨር የተባለውም ስልኩ ሲቀየር ይጠፋል። አርኤስኤስ ቢሆን ኖሮ

አባ ፍጥነት፦
ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ። ቅድም ልሞክረው ብዬ ክሊር ካሽ አልኩት። የያዝኩት ትረካ ሁሉ ቀስት ሆኗል። ይመለሳል?

ሰንዳፋ ማዶ፦
አባ ፍጥነት፣ ስልክህ አሁን በደንብ ይበራል።

ባለ ማይኩ፦
ከጓደኛዬ ጋር ተነጋገርን። ድምፁን በ64 ኪሎቢት ራሳችን ልንለቀው ነው፣ ማስታወቂያውን ግን መሃል ላይ በየወሬው እናስገባዋለን፣ የሚቆርጥ ካለ ወሬውን አብሮ ይቁረጥ። ቱሉ ዲምቱ፣ ሰብስክራይብ እናደርጋለን ያልከውን አልረሳሁም።

ማሚ ለቡ፦
እኔ አይፎን ነው የያዝኩት። ሴቭ ቱ ሚዩዚክ የሚል የለኝም። ምን ላድርግ?

ሰንዳፋ ማዶ፦
አይፎን ላይ ሼር የሚለውን ንኪ፣ ከዛ ሴቭ ቱ ፋይልስ በይ። የሚጫወተውም ፋይልስ የሚለው አፕ ውስጥ ነው። የቻናሉን የጊዜ ገደብ እንደዛው ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

ማሚ ለቡ፦
አገኘሁት፣ ተባረክ። ሹሩባ ኮዬ፣ ስትመለሺ ደግሞ ለልጄ ቀጭኑን ሹሩባ ስንት እንደምትሠሪ ንገሪኝ። ለሰኞ ቦታ አለሽ?