ታይፕ ሲ፣ ማይክሮ፣ ሚኒ፦ ጫፉ ይገባል፣ ግን ቻርጅ አያደርግም ወይም ፋይል አያሳልፍም

ባለካሜራው

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ትንንሽ የቻርጅና የዳታ ጫፎች ያልገቡኝ ነገሮች አሉ።

አንድ የብሉቱዝ ስፒከር ታይፕ ሲ ቀዳዳ አለው። ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ኬብል ከላፕቶፕ ቻርጀር ጋር ሲገናኝ መብራቱ እንኳ አይበራም። በተለመደው ከኤ (ሰፊው አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ጫፍ) ወደ ሲ ኬብል ግን ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል።

ሌላ ከኤ ወደ ሲ የሆነ ኬብል ደግሞ ስልክ ላይ ሲሰካ በጣም በዝግታ ነው የሚሞላው፤ ኮምፒውተር ላይም ስልኩ ጨርሶ አይታይም። ኬብሉ ሲቀየር ሁለቱም ችግር ይጠፋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ክፍል ያለው ሰፋ ያለ ማይክሮ ቀዳዳ ያለበት ሃርድ ዲስክና ሚኒ ቀዳዳ ያለው የድሮ ካሜራ አሉ። ለእነሱስ የትኛው ኬብል ይሆናል? ሁሉም ዩኤስቢ እየተባሉ ለምን እንዲህ ይለያያሉ?

ሽቦና_ኦም

ሁሉም ግራ መጋባት የሚመጣው የጫፉን ቅርጽ አይቶ ውስጡን ከመገመት ነው። ታይፕ ሲ የቅርጽ ስም ነው። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ስንት ሽቦ እንዳለ፣ ሽቦው ምን ያህል እንደሚወፍርና ሁለቱ ዕቃዎች በምን ቮልት እንደተስማሙ ቅርጹ አይናገርም።

ከስፒከሩ ልጀምር። የኤ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር የተሰካበት ነገር ይኑርም አይኑር ሁልጊዜ 5 ቮልት ያወጣል። የሲ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ግን ዕቃ መሰካቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ምንም አይለቅም። የሚያረጋግጠው ሲሲ በሚባሉት ሁለት ፒኖች ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ዕቃ ከእያንዳንዱ ሲሲ ፒን ወደ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ክፍል) ሊኖረው ይገባል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል እነዚህ ሁለት ሬዚስተሮች የተተዉባቸው ርካሽ ስፒከሮች፣ የእጅ ባትሪዎችና የጆሮ ማዳመጫ መያዣዎች ብዙ ናቸው። ቻርጀሩ ምንም አልተሰካም ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ቻርጀሩም ኬብሉም ደህና ናቸው፤ ጉድለቱ ስፒከሩ ውስጥ ነው። ከኤ ወደ ሲ በሆነ ኬብል መጠቀሙን ይቀጥሉ፣ ምንም ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ኬብል ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ይመስላል። ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ለ5 ቮልቱ፣ አንዱ ለግራውንዱ። ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ የሚባሉት የዳታ ሽቦዎች የሉም፤ ኮምፒውተሩ ስልኩን የማያየው ለዚህ ነው። ዝግታውም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ተራ የስልክ ቻርጀር ዲ ፕላስንና ዲ ማይነስን እርስ በርስ አገናኝቶ ያስቀምጣል። ስልኩ ያንን ሲያገኝ የግድግዳ ቻርጀር መሆኑን አውቆ እስከ 1.5 አምፔር ይስባል። ሽቦዎቹ ከሌሉ ማወቂያ ስለሚያጣ ብዙ ስልክ ራሱን ለመጠበቅ ወደ 500 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፤ ይህም 2.5 ዋት ብቻ ነው።

የሽቦው ውፍረትም እኩል ሚና አለው። ኬብሉ ላይ ‹‹28 ኤደብልዩጂ›› (AWG፣ የሽቦ ውፍረት መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ካለ ቀጭን ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል)። 28 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው። መሄጃና መመለሻ ስላለ የ1 ሜትር ኬብል 0.42 ኦም ይሆናል። 1.5 አምፔር ሲያልፍበት 0.63 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 5 ቮልት የነበረው ስልኩ ጋ ሲደርስ 4.37 ነው። በ24 ቁጥር ሽቦ ግን የሚጠፋው 0.25 ቮልት ብቻ ነው። ኬብሉ 2 ሜትር ከሆነ ኪሳራውም እጥፍ ነው። ስልኩ ቮልቱ መውረዱን ሲያይ የሚስበውን አምፔር ይቀንሳል። ረዥምና ቀጭን ኬብል የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ፒን_ቆጣሪ

ስለ ሃርድ ዲስኩና ስለ ካሜራው።

የሃርድ ዲስኩ ሰፊ ቀዳዳ የዩኤስቢ 3.0 ማይክሮ ቢ ይባላል፤ 10 ፒን አለው። ሰፋ ያለው ክፍል የተለመደው ማይክሮ ዩኤስቢ 5 ፒን ራሱ ሲሆን ጠባቡ ክፍል ለፈጣኑ ዳታ የተጨመሩ 5 ፒኖችን ይዟል። በዚህም ምክንያት የድሮ ስልክ ማይክሮ ኬብል ሰፊው ክፍል ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፤ ፍጥነቱ ግን ወደ ዩኤስቢ 2.0 ማለትም በሰከንድ 480 ሜጋቢት ይወርዳል። በተግባር ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት በሰከንድ ነው የሚገኘው፤ 10 ጊጋባይት ለመገልበጥ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በራሱ ኬብል ደግሞ መስመሩ 5 ጊጋቢት ስለሆነ የሚወስነው የዲስኩ የራሱ ፍጥነት ይሆናል። ሌላም ነገር አለ፦ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ እንዲሰጥ የሚጠበቀው 500 ሚሊ አምፔር ሲሆን የ3.0 ግን 900 ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ በድሮ ቀዳዳ ወይም በቀጭን ኬብል ‹‹ጠቅ፣ ጠቅ›› እያለ ሊቀር ይችላል። ያን ድምፅ ሰምተው ዲስኩ ሞቷል ከማለትዎ በፊት አጭርና ወፍራም ኬብል ይሞክሩ። ደጋግመው ግን አይሰኩት፤ በመነሳት ላይ ሳለ ኃይል መቋረጡ ለዲስኩም ለፋይሉም አይበጅም።

ካሜራው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እውነተኛው ሚኒ ቢ 5 ፒን አለው፤ የጎኖቹ መሃል ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ነው። ብዙ የድሮ ካሜራዎች ግን ሚኒ የሚመስል፣ ግን ጠፍጠፍ ያለ 8 ፒን ቀዳዳ ነበራቸው፤ የቀሩት ፒኖች ለቪዲዮና ለድምፅ መውጫ ያገለግላሉ። ቀዳዳውን በብርሃን አይተው ፒኖቹን ይቁጠሩ። 5 ከሆኑ ማንኛውም ሙሉ ሚኒ ኬብል ይሆናል፤ 8 ከሆኑ የካሜራውን ሞዴል ጠቅሰው የእሱን ኬብል ይፈልጉ። በግድ የተሰካ ጫፍ መሃል ያለውን ምላስ ይሰብራል። ከዚያም፣ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካሜራዎች በዩኤስቢ ቻርጅ አያደርጉም፤ ባትሪው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ነው የሚሞላው። ኬብሉ ለፎቶ ማስተላለፊያ ብቻ ነው።

የቦርድ_ጠጋኝ

@ሽቦና_ኦም ያለው ትክክል ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

ብየዳ የሚችል ሰው ስፒከሩን ከፍቶ ሬዚስተሮቹን መጨመር ይችላል። ለቻርጅ ብቻ የሚያገለግሉት 6 ፒን ቀዳዳዎች እንኳ ሁለቱም ሲሲ አላቸው፦ ሁለት ቪባስ (ኃይል የሚመጣበት)፣ ሁለት ግራውንድ፣ ሁለት ሲሲ። ግን ለእያንዳንዱ ሲሲ የራሱ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መደረግ አለበት። አንድ ብቻ ከተደረገ ኬብሉ በአንድ ፊት ሲሰካ ይሠራል፣ ሲገለበጥ ዝም ይላል። ሁለቱን ሲሲ አገናኝቶ በአንድ ሬዚስተር ማለፍም ስህተት ነው። በ2019 የወጣው ራዝበሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር የመጀመሪያ ቦርዱ በዚህ መንገድ ተሠርቶ ስለነበር በውስጡ ቺፕ ባለው ኬብል ሲሰካ ኃይል አያገኝም ነበር፤ ቻርጀሩ የድምፅ ማገናኛ የተሰካ ይመስለው ነበርና።

ሁለተኛው ነጥብ አደገኛ ስለሆነ ሳልናገር አላልፍም። ከኤ ወደ ሲ በሆነ ኬብል ውስጥ፣ በሲው ጫፍ፣ 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መኖር አለበት። ለስልኩ ‹‹ይህ ተራ ዩኤስቢ ነው፣ በልክ ሳብ›› የሚለው እሱ ነው። በጥድፊያ የተሠሩ ኬብሎች በምትኩ 10 ኪሎ ኦም ያደርጋሉ፤ ያ ደግሞ ‹‹3 አምፔር አለ›› ማለት ነው። ስልኩ አምኖ ይስባል፤ የሚግለው ወይም የሚቃጠለው አቅም የሌለው የኮምፒውተር ቀዳዳ ወይም ቻርጀር ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የሚግል ኬብል ካለ ወዲያው ከአገልግሎት ይውጣ። አንዱ በኩል ሲ ሴት (ቀዳዳ)፣ ሌላው በኩል ኤ ወንድ (የሚሰካ ጫፍ) የሆኑ ትንንሽ አስማሚዎችም የዩኤስቢ ደንብ የማይፈቅዳቸው ናቸው፤ ለቻርጅ ባይጠቀሙባቸው ይሻላል።

ባለካሜራው

በጣም አመሰግናለሁ፣ ስፒከሩም ኬብሉም ግልጽ ሆኑልኝ። ካሜራው 5 ፒን ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ለላፕቶፕም ለስልክም የሚሆን አንድ ከሲ ወደ ሲ ኬብል ሲገዛ ምን ይታያል? የስልኩ ሲ ቀዳዳም ላልቷል፣ ኬብሉ ሲነካ ይቋረጣል፤ ቀዳዳው ይቀየር?

ሽቦና_ኦም

ለኬብሉ ሁለት ቁጥር ይዩ፤ ዋት (የሚያሳልፈው ኃይል) እና ጊጋቢት (በሰከንድ የሚያሳልፈው ዳታ)። አንዱ ሌላውን አይተካም። በውስጡ መለያ ቺፕ የሌለው ከሲ ወደ ሲ ኬብል እስከ 3 አምፔር ይፈቀድለታል፤ ይህም በ20 ቮልት 60 ዋት ነው። ከዚያ በላይ 5 አምፔር ለማሳለፍ ቺፕ ያለው፣ ‹‹100 ዋት›› ወይም በአዲሱ ደንብ ‹‹240 ዋት›› የተባለ ኬብል ያስፈልጋል። ቺፑ ከሌለ ቻርጀሩ ራሱ በ3 አምፔር ይገታል እንጂ አደጋ የለውም፤ ላፕቶፑ በዝግታ መሙላቱ ብቻ ነው። ‹‹240 ዋት›› የተባሉ ብዙ ኬብሎች ግን ዳታቸው 480 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ ለቻርጅ ድንቅ፣ ለሃርድ ዲስክ ደካማ። ለዳታ ከሆነ 10 ጊጋቢት ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይፈልጉ፤ ርዝመቱም ከ1 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቁጥር ያልተጻፈበትን እንደ ዩኤስቢ 2.0 ይቁጠሩት።

የቦርድ_ጠጋኝ

ቀዳዳውን ለማስቀየር አይቸኩሉ። መጀመሪያ በሌላ አዲስ ኬብል ይሞክሩ፤ ማይክሮ ዩኤስቢም ሆነ ታይፕ ሲ ሲሠሩ ቶሎ እንዲያልቅ የታሰበው ክፍል ኬብሉ ላይ ነው። ቀጥሎ ጫፉ እስከ መጨረሻው መግባቱን ይዩ። የኬብሉ ብረት ሌላ ዕቃ ላይ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ስልኩ ላይ ትንሽ ከውጭ የሚቀር ከሆነ፣ የኪስ ብናኝ ታች ተጠቅጥቋል ማለት ነው። ‹‹ላላ›› ከሚባሉት ቀዳዳዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ስልኩን ያጥፉ። ስቴኪኒ በምላጭ ጠፍጠፍ አድርገው ያቅጥኑ፤ መርፌም የወረቀት ማያያዣም አይሁን፣ ብረት ፒኖቹን አገናኝቶ ሊያቃጥል ይችላል። መሃል ያለው ምላስ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍር አይነካ፤ በምላሱና በውጩ ግድግዳ መካከል ገብተው ከታች ያለውን ብናኝ በዝግታ ወደ ውጭ ይጎትቱ። ወደ ውስጥ ከተገፋ ይባስ ይጠቀጠቃል። በአፍ አይንፉበት፣ እርጥበት ያስገባል። ቅባት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ለስላሳ ብሩሽ በ90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ትንሽ አርሰው ይጥረጉ፤ ከመሰካትዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

ከጽዳት በኋላ ጫፉ ጠቅ ብሎ ገብቶ አሁንም ሲነካ ከተቋረጠ፣ ኬብሉን ሳይሆን ቀዳዳውን ይመልከቱ። የብረቱ ማቀፊያ ራሱ ከስልኩ አካል ጋር ሲነጻጸር የሚነቃነቅ ከሆነ ብየዳው ተሰንጥቋል። ያኔ ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙና ለጠጋኝ ይስጡ፤ እየነቃነቁ መጠቀም የቦርዱን የመዳብ መስመር ይነቅላል፣ ከዚያ በኋላ ቀዳዳ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ብዙ ስልኮች ላይ ቀዳዳው በትንሽ የተለየ ቦርድ ላይ ስለሚቀመጥ ቦርዱ እንዳለ ይለወጣል። ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን በሞቃት አየር የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።