ወንድሜ ጫት ልተው ብሏል፣ ባንዴ ቢያቆም ይጎዳዋል?

የጅሬኗ፦
ሰላም ናችሁ? ያለነው ጅማ ነው። ታናሽ ወንድሜ መቃም የጀመረው ለፈተና ሲያጠና ነበር። አሁን ከምሳ በኋላ ካልቃመ ሰው አያናግርም፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ አለ፣ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ሰሞኑን ኪሱ ውስጥ የእንቅልፍ ኪኒን አገኘሁ። አባቴ "ጫት ባህል ነው እንጂ ሱስ አይደለም" ይላል። እናቴ ቤት ቆልፈንበት ሳምንት ይቆይ ባይ ናት። እሱም ልተው ብሏል። ምን ትላላችሁ?

የሄርማታው፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም ቅሜ ትቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ሃራራው ያስቸግራል፣ ትደበራለህ፣ ያዛጋሃል፣ ማታ ዱካክ መጥቶ ደረትህ ላይ ይቀመጣል፣ ግን ያልፋል። ወላሂ ከሁሉ የከበደኝ ሰዓቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የት ትሄዳለህ? ጓደኛህ ሁሉ በርጫ ላይ ነው። ለዚያ ሰዓት የሚሠራው ነገር ፈልጉለት፣ ኳስም ቢሆን።

ነጭ ጋዎን፦
የአእምሮ ሕክምና ላይ ነው የምሠራው። ለአባትሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ደከም ወዳለው ካቲን ይቀየራል፣ ጫት የጫኑ መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉትም ለዚህ ነው። ባህል መሆኑ ሱስ ከመሆን አያግደውም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጫቱ አይደለም። ጫት ባንዴ ቢቆም ያስጨንቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ሌላ ነው። በየቀኑ ሲወስድ የቆየ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ያንፈራግጠዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሊሞትም ይችላል። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲወሰዱ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማሉ። እና ቤት መቆለፉ ይቅር።

አቦል፦
መጀመሪያ ሃይማኖቱን ያጥብቅ፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ነጭ ጋዎን፦
ዱዓውም ጠበሉም ይሁን፣ ማንም አይከለክልም። ብቻ ሐኪም የሚያዝለትን አታስጥሉት።

የጅሬኗ፦
ኪኒኑ ላይ ዲያዜፓም ይላል። ስንት እንደሚጠጣ ብጠይቀው ይቆጣል። ቀምቼ ልጣለው?

ነጭ ጋዎን፦
ኧረ በፍጹም! ሲወስደው የቆየ ከሆነ በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ማሸጊያውን ይዛችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ አእምሮ ሕክምና ሂዱ። ሐኪሙ ጋ ብቻውን ይግባ። እናቱ ፊት የመጠጡን ልክ የሚናገር ልጅ አላጋጠመኝም። እስከዚያው ካንፈራገጠው ወይም ከተቃዠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የሄርማታው፦
ከፈለገ አብሬው እሄዳለሁ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።