8ኛው ፒክ (የምርጫ ተራ) የኛ ነው፤ ሩሲያዊው ሚችኮቭ እዚያ ድረስ ከወረደ ትወስዱታላችሁ?

ቀዩ ማሊያ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ጓዶች። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የበረዶ ሆኪ ቡድናችንን ካፒታልስን የምንከታተል ሐበሾች ከሚመስለው በላይ ብዙ ነን፣ እስቲ ዛሬ እንከራከር። የ2023 ድራፍት፣ ማለትም የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ) ቡድኖች ታዳጊዎችን በተራ የሚመርጡበት፣ ረቡዕ ጁን 28 ናሽቪል ላይ ይጀመራል። እንደምታውቁት ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ሳንገባ ቀረን፣ አሰልጣኙ ላቪዮሌትም ሄደ፣ የምርጫ ተራ የሚወጣበት ሎተሪም ምንም ሳይፈይድልን 8ኛ ላይ እንዳለን ቀረን። ግን 8ኛ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። በ2007 ካርል አልዝነርን 5ኛ ላይ ከወሰድን በኋላ እንዲህ ከፍ ብለን መርጠን አናውቅም።

የላይኞቹን እንተዋቸው። ቤዳርድ የቺካጎ ነው፣ አለቀ። በ57 ጨዋታ 71 ጎል ያገባ ልጅ ላይ ምን ክርክር አለ? ከሱ ቀጥሎ ፋንቲሊ፣ ካርልሰንና ዊል ስሚዝ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይሄዳሉ። ከ5ኛ ጀምሮ ነው ነገሩ የሚደበላለቀው። ሞንትሪያል፣ አሪዞና፣ ፊላደልፊያ፣ ከዚያ እኛ።

ማትቬይ ሚችኮቭ 8ኛ ላይ ቢገኝስ? በችሎታ ከቤዳርድ ቀጥሎ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ችግሩ ከሩሲያው ቡድን ከስካ ሴንት ፒተርስበርግ ጋር እስከ 2026 ውል አለው። የኮከባችን የኦቪ (ኦቬችኪን) ውልም የሚያልቀው በዚያው ዓመት ነው፣ እንዴት እንደገጠመ እዩት። እሱ ካለቀብን ደግሞ ራየን ሌናርድ፣ ዛክ ቤንሰን፣ ዳሊቦር ድቮርስኪ፣ ዴቪድ ራይንባከር አሉ። እኔ ልቤ ወደ ሌናርድ ነው፣ ግን አሳምኑኝ።

ዳንፎርዝ (ቶሮንቶ)፦

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላቅርብ። እኛ ሊፎች (የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ደጋፊዎች) ዘንድሮ 28ኛ ላይ የምንመርጠው በናንተ ቸርነት ነው። ቦስተን ለተጫዋቾቻችሁ ለኦርሎቭና ለሃታዌይ የሰጣችሁን ፒክ ተቀብላችሁ፣ ወዲያው ተከላካያችንን ራስሙስ ሳንዲንን ፈልጋችሁ ለኛ አሳለፋችሁት። እግዜር ይስጥልን ሃሃ።

ወደ ቁም ነገሩ ስመጣ፣ ቤንሰንን ውሰዱ። ልጁን ዊኒፔግ አይስ በሚባለው የታዳጊዎች ቡድን ሲጫወት ዓመቱን ሙሉ አይቼዋለሁ። በ60 ጨዋታ 98 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ)። እዚያው ቡድን ውስጥ ሳቮይና ጊኪ አሉ፣ ሳቮይ አምና 9ኛ፣ ጊኪ 11ኛ የተመረጡ ናቸው፣ ሁለቱንም በነጥብ በልጧቸዋል። አንድ ነገር ደግሞ ሰው ይረሳል፣ ዕድሜ። ለዘንድሮ ድራፍት የሚያበቃው እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላት ነው። ፋንቲሊ የተወለደው ኦክቶበር 2004 ነው፣ ራይንባከርም እንደዚያው፣ ቤንሰን ግን ሜይ 2005። በዚህ ዕድሜ ሰባት ወር ማለት ብዙ ጡንቻ ነው! አጭር ነው ይላሉ፣ አዎ 5 ጫማ ከ10 ኢንች ቢደርስ ነው፣ ክብደቱም ነፋስ የሚወስደው ነው። ግን ፓኩን (የሆኪዋን ክብ ጎማ) ከተቃራኒ ቡድን ስቲክ ላይ ሲሰርቅ ብታዩት ቁመቱን ትረሱታላችሁ። ያለ ፓክ የሚሠራው ሥራ ነው እኔን የገዛኝ።

ኑሮ በስዊድን (ስቶክሆልም)፦

እኔ እዚህ ከአውሮፓ በኩል ልናገር። ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ነጥብ ቆጥራችሁ ብቻ ስትፈርዱ ይገርመኛል። የታዳጊዎች ሊግ ውስጥ 98 ነጥብ ማምጣትና ሚስትና ልጆች ካሉት የ30 ዓመት ተከላካይ ጋር እየተጋፉ 20 ነጥብ ማምጣት አንድ አይደለም። ካርልሰን ኦሬብሮ ውስጥ በ44 ጨዋታ 25 ነጥብ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ያ የስዊድን አንደኛ ሊግ ነው፣ ለዚህም ነው ማንም 2ኛ ወይም 3ኛ ይሄዳል ሲባል የማይገረመው።

ድቮርስኪን ሆቬት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ የቡድኑ የአይኮ (AIK) ሜዳ ማለት ነው። ሁለተኛው ዲቪዚዮን ላይ በ38 ጨዋታ 14 ነጥብ፣ ወረቀት ላይ አያስደንቅም። ደቂቃ አይሰጡትም ነበር፣ አንዳንዴ አራተኛው መስመር ላይ ነበር የሚያጫውቱት። ኤፕሪል ላይ ከእኩዮቹ ጋር ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ስሎቫኪያን ይዞ ሲገባ ግን በ7 ጨዋታ 13 ነጥብ አመጣ። ከባድ ሹት አለው፣ ሴንተር (የመሀል አጥቂ) ነው፣ በማጥቃትም በመከላከልም ይሠራል። ፍጥነቱ ግን መካከለኛ ነው፣ እሱን አልደብቅም።

የናንተ ሴንተር ባክስትሮም አምና የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርጎ በ35 ዓመቱ ነው የተመለሰው። ሌላው ሴንተራችሁ ኩዝኔትሶቭ ደግሞ የሚሆነውንና የማይሆነውን እሱ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሴንተር ያስፈልጋችኋል። ተከላካይ ከፈለጋችሁ ራይንባከር ነው፣ ኦስትሪያዊው፣ በስዊስ ሊግ ለክሎተን በ46 ጨዋታ 22 ነጥብ፣ ቀኝ እጅ። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ 8ኛ አይደርስም፣ ቀኝ እጅ ተከላካይ ሁሌም ገበያው ይወደዳል።

ላንዶቨር፦

ልጆች፣ እኔ ይህን ቡድን ላንዶቨር ሲጫወት ጀምሮ ነው የምከታተለው፣ ቻይናታውን ከመምጣቱ በፊት። ታክሲ እየነዳሁ በሬዲዮ። ስለዚህ ስለ ድራፍት ያልተቃጠልኩበት ዓመት የለም።

2012ን አስታውሱ። ፊሊፕ ፎርስበርግ ከአውሮፓ አንደኛው ልጅ ሲባል ነበር፣ ሁሉም እየዘለለው 11ኛ ላይ እጃችን ገባ። ከኛ በፊት 8ኛ ላይ ፒትስበርግ ደሪክ ፑልዮን ወሰደ፣ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? እኛ ግን ምን አደረግን፣ ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ አንድ ጨዋታ ሳይጫወትልን፣ ለማርቲን ኤራትና ለማይክል ላታ ብለን ሰጠነው። ኤራት ወዲያው መውጣት እፈልጋለሁ አለ። ፎርስበርግ የናሽቪል የምንጊዜም ጎል አግቢ ሆነ። አሁን ደግሞ ድራፍቱ የሚካሄደው በገዛ ሜዳው ነው! ቁስል ላይ ጨው።

ይህን የምላችሁ ከሰማይ የወረደ ልጅ ሲገኝ አትዝለሉት ለማለት ነው። ሚችኮቭ ይቆያል ትላላችሁ። ኩዝኔትሶቭንም በ2010 ወስደነው የመጣው ማርች 2014 ነው፣ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል። በ2018 ፒትስበርግን በጭማሪ ሰዓት ያሰናበተው ማነው? በዚያ ፕሌይኦፍ 32 ነጥብ ያመጣው ማነው? ሚኒሶታም ሌላውን ሩሲያዊ ካፕሪዞቭን 135ኛ ወስዶ አምስት ዓመት ጠበቀው፣ በመጣበት ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። ሦስት ዓመት ምን አላት? ሚችኮቭ ዘንድሮ ሶቺ በውሰት ሄዶ፣ ደካማ ቡድን ውስጥ፣ በ27 ጨዋታ 20 ነጥብ አመጣ፣ በ18 ዓመቱ፣ ከአዋቂ ጋር። የስቶክሆልሙ ወንድማችን ሚዛን እሱ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀዩ ማሊያ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ጋሼ ጥሩ ብለዋል፣ ግን ላስቸግርዎት። ኩዝኔትሶቭ 26ኛ ፒክ ነበር፣ ካፕሪዞቭ አምስተኛ ዙር። ባይመጡም ብዙ አይጎዳም። 8ኛ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ያኔና አሁን አንድ አይደለም። ከ2022 ጦርነት ወዲህ ሊጉ ከሩሲያው ሊግ ጋር የነበረውን ስምምነት አቁሟል፣ መልማዮችም እንደ ድሮው ሩሲያ አይመላለሱም። ግብ ጠባቂውን ፌዶቶቭን አስታውሱ፣ ፊላደልፊያ ሊመጣ ፈርሞ ሳለ አምና ጁላይ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ያዙትና ወታደር ቤት ላኩት። ልጁን ሳልጠላው ነው የምፈራው።

በነገራችን ላይ ካፒታልስ ሩሲያዊ ስለሆነ ብቻ አይሸሹም። አምና 20ኛ ላይ ሚሮሽኒቼንኮን ወስደዋል፣ ያውም ከካንሰር ሕክምና በኋላ። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ቢያንስ ሐሳቡ ይነሳል።

አልፎ አልፎ (ፎልስ ቸርች)፦

ሁላችሁም ልክ አይደላችሁም። ኦቪ 37 ዓመቱ ነው፣ 822 ጎል ላይ ነው፣ የግሬትዝኪን የጎል ሪከርድ ለማለፍ 73 ይቀረዋል። ይህን ሰው እያየን የ18 ዓመት ልጅ እናሳድጋለን? ፒኩን ሽጡና የተዘጋጀ ሰው አምጡ። አለቀ።

ላንዶቨር፦

ልጄ፣ ኤራት የሚባል ሰው ከላይ ጽፌልሃለሁ።

ሆኪ እናት (አርሊንግተን)፦

ሃሃሃ ጋሼ ገደሉት።

እኔ ልጄ ግብ ጠባቂ ናት፣ በየሳምንቱ ሜዳ ዳር እየበረደኝ ሳይ ከርሜያለሁ፣ ስለዚህ ሰው የማያየውን ነገር ማየት ለምጃለሁ። የአሜሪካ ከ18 ዓመት በታች ቡድን አንደኛ መስመር ላይ ሦስት ልጆች አሉ። ስሚዝ 127 ነጥብ፣ ፔሮ 132፣ ሌናርድ 94። የፔሮው የፕሮግራሙ ሪከርድ ነው፣ ኦስተን ማቲውስ 117 ነበረው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሌናርድ ሦስተኛው ነው ይላል። ጎሉን እዩ ግን፣ 51፣ ከስሚዝ ጋር እኩል፣ ያውም በትንሽ ጨዋታ። ከዚያ ደግሞ ጨዋታውን ራሱን ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከግድግዳው ስር ሁለት ሰው ተጭኖት ፓኩን የሚያወጣው ማነው? ጎሉ ፊት ቆሞ የሚገጨው፣ ፓክ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያባርረው ማነው? ሠርግ ላይ ሁሉም የሚያየው ሙሽሮቹን ነው፣ ድንኳኑን የተከለው ሌላ ነው። ሌናርድ ድንኳን ተካይ ነው፣ ያውም 51 ጎል የሚያገባ። ባዝል ላይ ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ስዊድንን በጭማሪ ሰዓት ያሸነፈችዋንም ጎል ያገባው እሱ ነው።

ቀዩ ማሊያ፣ አንተ የምትፈራው መጠበቁን ከሆነ ደግሞ ሌናርድም ነገ አይመጣም። ሦስቱም ቦስተን ኮሌጅ ነው የሚገቡት። እዚህ ከተጠሩት ልጆች ማንም ቢሆን በመጪው ወቅት ለኦቪ ፓክ አያቀብልም፣ ምናልባት ቤንሰን፣ እሱም ሁለት ሳህን በልቶ። ስለዚህ የኦቪን ሰዓት ከዚህ ክርክር አውጡት፣ ኦቪን የሚረዳው አዲሱ አሰልጣኝ ካርበሪ ፓወር ፕሌዩን (ተቃራኒው ሰው ሲጎድልበት ያለውን ማጥቃት) ካስተካከለ ነው። 8ኛው ፒክ ከኦቪ በኋላ ላለው ዘመን ነው።

ዳንፎርዝ (ቶሮንቶ)፦

እመቤቴ ነገሩን ጨርሰሽዋል፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ሦስቱ አንድ መስመር ላይ አብረው ስለተጫወቱ ነው እንጂ፣ ለየብቻ ቢሆኑ ያን ያህል ያገቡ ነበር? ሌናርድ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ጎሉን ያቀበሉት ሁለት ጠንቋዮች ናቸው።

ሆኪ እናት (አርሊንግተን)፦

ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው እኔ ከሦስቱ ፔሮን የማልወስደው፣ ስኬቲንጉ ከባድ ነው፣ ያለ ጥሩ ጓደኛ ይቸገራል። ሌናርድ ግን ከማንም ጋር ብታሰልፈው የራሱን ሥራ ይሠራል። ሹቱም የራሱ ነው፣ ማንም አያበድረውም።

ኑሮ በስዊድን (ስቶክሆልም)፦

እሺ፣ ከድቮርስኪ በኋላ ሌናርድን እቀበላለሁ። ግን ስለ 8ኛ ፒክ ብዙ አትጓጉ። በ2014 ቶሮንቶ 8ኛ ላይ ዊልያም ኒላንደርን ወሰደ፣ ኮከብ ሆነ። በ2016 ቡፋሎ በዚያው 8ኛ ላይ ወንድሙን አሌክሳንደርን ወሰደ፣ አልሆነም። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ ቁጥር።

ቀዩ ማሊያ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። ስለዚህ የኔ ሌናርድ ነው፣ እሱ ካለቀ ድቮርስኪ። ቤንሰንን ዲትሮይት 9ኛ ላይ ቢወስደው ግን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እሱን ለዳንፎርዝ እሰጠዋለሁ። ስለ ሚችኮቭ ግን ጋሼ አላስረዱኝም። ፊላደልፊያ 7ኛ ላይ ከወሰደውስ? ብሪዬር አዲስ ማናጀር ነው፣ ቡድኑን ከዜሮ እየሠራ ነው፣ ሦስት ዓመት መጠበቅ ለሱ ምንም አይደለም።

ላንዶቨር፦

ይወስደዋል። ከናንተ ይልቅ እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ሩሲያ ቢቀር እኮ ዝም ብዬ እረሳው ነበር። ፊላደልፊያ ከገባ ግን አንድ ዲቪዚዮን ውስጥ ነን፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እየገጠመን ያገባብናል፣ ያኔ «ፈርቼ ነው» ያላችሁትን ሁሉ በስም እየጠራሁ ነው የማያችሁ።