የእናቴ የደም ምርመራ ስለ ልቧ ምን ይላል?

እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት። ከሁለት ወር ወዲህ እግሯ ያብጣል። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ስጫነው የሰረጎደው ቦታ ቶሎ አይመለስም፤ ባለፈው እሑድ ጫማዋ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሌሊት ደግሞ በሦስት ትራስ ከፍ ካላለች ትንፋሽ ያጥራታል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ያየን ሐኪም ዕብጠቱን የግፊት መድኃኒቷ አምሎዲፒን ሊያመጣው እንደሚችል ነግሮን ቀየረላት። ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ዕብጠቱ ግን እንዳለ ነው። የልብ አልትራሳውንድ ቀጠሮ የተሰጣት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የተለመደውን የደም ምርመራ አሠራሁላት። ሄሞግሎቢን 10.4 (ዝቅ ያለ)፣ የቀይ ደም ሴሎች በትልቅነት ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየው አርዲደብሊው 17.1 (ከፍ ያለ)፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒን 1.4 (ከፍ ያለ)፣ ሶዲየም 132 (ዝቅ ያለ)። የደም ፕሮቲን የሆነው አልቡሚንና ጉበቷ ደህና ናቸው፤ ሽንቷ ላይም ፕሮቲን አልተገኘም። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ይገባኛል፤ ስኳር ኩላሊትን ይጎዳል፣ የተጎዳ ኩላሊትም ደም ማነስ ያመጣል። አንድ ላይ ሲመጡ ግን፣ ከዕብጠቱና ከትንፋሹ ጋር፣ ልቤ አያርፍም። ለልብ ድካም የሚታዘዘውን የኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ምርመራ በጠየቅኋቸው ሁለት ላቦራቶሪዎች አላገኘሁም።

የሕክምና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እነዚህን ውጤቶች ይዤ ሄጄ የአልትራሳውንዱ ቀጠሮ እንዲፋጠንላት ልጠይቅ ወይስ አስቀድሜ አዲስ አበባ ወስጄ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ላሠራላት?