የኖቬምበር 2026 የሜክሲኮ የሙታን ቀን፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦
ወገኖች፣ ከሜክሲኮ ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ለአካባቢው ምክር ቤት የምናቀርበው ዕቅድ ረቂቅ ይኸው። ቀኑ እሑድ ኖቬምበር 1፣ ቦታው አዳራሹና ግቢው። የታሰቡት የመሠዊያ ውድድር፣ የፊት ቀለም፣ የካትሪና (ባርኔጣ ያደረገች የሴት አፅም) ሰልፍ፣ ሙዚቃ፣ ዳቦና ትኩስ መጠጥ ናቸው። እስከ ዐርብ ሐሳባችሁን ጻፉ።

የገበታ ቡድን፦
ከሁሉ በፊት ቃሉ ይስተካከል። «መሠዊያ» ካልን ግማሹ አባል ባዕድ አምልኮ መስሎት ይቀራል። እነሱ «ኦፍሬንዳ» ይሉታል። ማንም አይሰግድለትም፤ በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ፣ ለሟቹ ነፍስ፣ የሚዘረጋ ገበታ ነው። «የመታሰቢያ ገበታ» ይባል። ቀኖቹም ከካቶሊክ የቀን መቁጠሪያ የመጡ ናቸው፤ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲሆን 2 የሙታን መታሰቢያ ነው። በልማዱ የመጀመሪያው ቀን በሕፃንነታቸው ለሞቱ፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች ነው።

ውድድሩንም ብንተወው ይሻላል። በሜክሲኮ ትምህርት ቤቶች የገበታ ውድድር እንዳለ እናውቃለን። እዚህ ግን ሰው አያቱን ለዳኛ የሚያቀርብ ይመስላል። አንድ የጋራ ገበታ ይሁንና ሁሉም የራሱን ሟች ፎቶ ያምጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለ 1.8 ሜትር ታጣፊ ጠረጴዛ ሁለት፣ ጎን ለጎን። በላያቸው ከኋላ 60፣ መካከል ላይ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላቸው የእንጨት ሣጥኖች። ካርቶን አይሆንም፤ ፍራፍሬ ሲጫንበት ይረግብና ፎቶዎቹ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። ከላይ ፎቶ፣ መካከል ላይ ዳቦና ፍራፍሬ፣ ከታች መብራት፣ ጨውና አንድ ብርጭቆ ውኃ። ውኃው አይረሳ፤ መንገደኛው ተጠምቶ ነው የሚደርሰው።

ፎቶው ቅጂ እንጂ ዋናው አይምጣ፤ ጢስና ሰም ያበላሸዋል። በሕይወት ያለ ሰው አብሮ ያለበት ፎቶም አይቀመጥም፤ ቆርጦ ማሳተም ያስፈልጋል። ይህ ማስታወቂያው ላይ በጉልህ ይጻፍ። አለበለዚያ በዕለቱ ፎቶ እየመለስን ሰው እናስቀይማለን።

ሒሳብ ያዥ፦
ስንት ፎቶ ይይዛል?

የገበታ ቡድን፦
13 በ18 ሳንቲሜትር ከሆነ በላይኛው ደረጃ በአንድ ረድፍ ከ20 ብዙም አይበልጥም። ከበዛ ከኋላ ገመድ ወጥረን በመቆንጠጫ እንሰቅላለን። መቀበያው ኦክቶበር 18 ይዘጋ።

አበባ፦
ሴምፓሱቺል፣ ብርቱካናማዋ አበባ፣ ስሟ በናዋትል ቋንቋ «ሃያ አበባ» ማለት ነው፤ የቅጠሎቿን ብዛት ለማለት። ረጅሙ ዝርያ ከተዘራ እስኪያብብ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ራሳችን የምንዘራ ከሆነ ከሐምሌ አጋማሽ ማለፍ የለብንም። ዘግይተን ከሆነ ከአበባ ገበያ በእቅፍ እንግዛ፤ የመጨረሻው ሳምንት ውድ ስለሚሆን ትእዛዙ ቀድሞ ይሰጥ።

የተቆረጠውን በባልዲ ስታስቀምጡ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ መልምሉ፤ ውኃው በአንድ ቀን ይሸታል። ከበር እስከ ገበታው ለሚነሰነሰው መንገድ አበባው የሚፈለፈለው ከዋዜማው ማታ ወዲህ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታመቀ ይግልና ይጠቁራል፤ ሰፊ ትሪ ላይ ይሰጣ። ደግሞ እርጥብ አበባ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል፤ ለአዛውንቶች ጥግ ጥጉን ባዶ መተላለፊያ ይተው።

የጢስ ጉዳይ፦
በበዓሉ የሚጨሰው ሙጫ፣ ኮፓል፣ የዕጣናችን ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ዛፎች ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቢሆንም ዕጣን ማጨስ እናውቃለን ብለን አንዝናና። ኮፓል ቶሎ ይቀልጣል። ብዙ ከጨመሩበት ከሰሉን አልብሶ ጥቁርና የሚያፍን ጢስ ያወጣል። ማጨሻው ውስጥ ሦስት ሳንቲሜትር አመድ ወይም አሸዋ፣ በላዩ ነጭ እስኪለብስ የነደደ ከሰል፣ ከዚያ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሙጫ አንድ በአንድ። ቦታው ከበረንዳው ውጭ ነው። አዳራሹ ውስጥ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ የከሰል ጋዝም አለ። ገበታው ላይ የባትሪ ሻማ ይሁን፤ እውነተኛ እሳት ካስፈለገ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ይጠየቅ።

ዳቦ፦
ለ20 ፓን ዴ ሙዌርቶ («የሙታን ዳቦ»)፦ 1 ኪሎ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ 200 ግራም 200 ግራም፣ 6 እንቁላል፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 14 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 10 ግራም ጨው፣ የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ። ቅቤው መጨረሻ ላይ፣ ሊጡ ከተለጠጠ በኋላ ይግባ፤ መጀመሪያ ከገባ ሊጡ አይጠነክርም። ዳቦው ላይ የሚለጠፉት የአጥንት ቅርጾች፣ «አጥንቶቹ»፣ የሚሠሩበትን ሊጥ ለይታችሁ ጥቂት ዱቄት ጨምሩበት። ያለዚያ ምድጃ ውስጥ አብጠው ከዳቦው ጋር ይዋሐዳሉ። በእንቁላል ካልተለጠፉ ደግሞ ይወድቃሉ። በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ለብ ሲል ቅቤ ቀብቶ ስኳር። ትኩስ እያለ ከሆነ ስኳሩ ይቀልጣል። 200 ሰው ከመጣ ዐሥር ጊዜ ማቡካት ነው፤ አንድ ምድጃ አይበቃም።

የሰልፍ ኮሚቴ፦
ሰልፉ ተረሳ እንዴ?

ጸሐፊ፦
አልተረሳም፣ ግን እናሳጥረው። ካትሪና የሜክሲኮው ሠዓሊ የፖሳዳ የስላቅ ሥዕል ነበረች፤ ሙሉ አካል የሰጣት ሌላው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1947 የግድግዳ ሥዕሉ ላይ ነው። የሜክሲኮ ሲቲው ትልቅ ሰልፍም በ2016 የተጀመረ፣ ከፊልም የተቀዳ ነው። ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ መድረሻውም ገበታው ይሁን። ሌላ ነገር፦ ያን ዕለት ሌሊት ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ስለሚመለስ በአሜሪካ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ሰልፉ 4 ተኩል ይጀምር፤ የግቢ መብራትም ይከራይ።

የገበታ ቡድን፦
እሺ። ነገር ግን አዳራሹን የተከራየነው ለእሑድ ብቻ ነው። እሑድ ማታ ገበታውን ካነሣን አዋቂዎቹን በዋዜማቸው ማባረር ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ለሰኞ ሙሉ አዳራሽ አቅም የለንም። ትንሿ የስብሰባ ክፍል በግማሽ ዋጋ ትገኛለች፤ ጠረጴዛዎቹም ይገቡባታል። ስለዚህ ገበታው ከመጀመሪያው እዚያው ይተከል፣ ሰኞ ማታ ይነሣ።

ዳቦ፦
እንደዚያ ከሆነ ሰኞ የሚታደለው ዳቦና ፍራፍሬ ብቻ ነው። ሥጋ ያለበት ታማሌ (ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ) ገበታው ላይ ካደረ ይጣላል እንጂ ለሰው አይሰጥም። ለገበታው ሁለት ብቻ ይቀመጥ፣ የቀረው በሙቀት መጠበቂያ ይቆይ።

ጸሐፊ፦
አስገብቼዋለሁ፤ ክፍሏ፣ ሰኞ ማታ፣ ሁለት ታማሌ። የአበባው ትእዛዝ በማን ስም ይሁን?